ለፈረስ ጆሮ የተነገረ

የተከበራችሁ ወዳጆች፣ ጎረቤቶች፤ ጋሪያችሁን ከውጭ አቁማችሁ የገባችሁ ባለጋሪዎች፤ የግልቢያ ትምህርት ቤቷ እመቤት፣ እርስዎም ከነተማሪዎችዎ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንቺ፣ ከሩቅ መንገድ የመጣሽው የፈረስ ሐኪማችን ልጅ። ሁላችሁንም እጅ ነስቻለሁ። እንደምን ዋላችሁ እንዳልል ውሏችንን አውቀዋለሁ። እንኳን መጣችሁ። ፀሐዩ ከባድ ነው፣ አላቆያችሁም። ካቆየኋችሁም ታገሡኝ፤ ብዙ ዘመን ዝም ያለ ሰው አንዴ አፉን ከከፈተ ማቆሚያው ይጠፋዋል።

በቀብራቸው ላይ ማን ይናገር ሲባል ሁላችሁም ወደ እኔ ዞራችሁ። ለምን እንደዞራችሁ ይገባኛል። ከሐኪማችን ጋር ከማንም ይልቅ የቆምኩት እኔ ነኝ። ቆምኩ ነው ያልኩት። አብረን ቁጭ ብለን አናውቅም። እሳቸው በበርጩማ፣ እኔ በእግሬ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ራስ ያዧ ነኝ። ባለጋሪው ሁሉ እንዲያ ነው የሚለኝ። ሽቦ የቦጨቀው፣ ቆርቆሮ የሸረከተው፣ መኪና የገጨው ፈረስ ወደ እኛ ይመጣል። ማደንዘዣውን እወጋዋለሁ። እንደቆመ ይፈዛል። ከንፈሩ ሲንጠለጠል፣ አንገቱ ሲዘነበል፣ ራሱን ትከሻዬ ላይ አስደግፈዋለሁ። እሳቸው በርጩማቸውን ስበው ከቁስሉ አጠገብ ይቀመጣሉ። መነጽራቸውን በክንዳቸው ገፋ ያደርጋሉ። ከዚያ ይሰፋሉ። ዕድሜዬ እንዲህ አለቀ። ቀኝ ትከሻዬ ከግራው ዝቅ ያለው ለዚህ ነው። ስትስቁበት የኖራችሁ ሁሉ ምክንያቱን ዛሬ እወቁት፤ የፈረስ ራስ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ዶክተር ዝም ትሏቸው ነበር። አዎ፣ ትሏቸው ነበር። አሁን አንገታችሁን አትድፉ። ፊት ለፊታቸውም ብላችኋቸው ታውቃላችሁ። እሳቸውስ ምን አሉ? ዝም።

እኔ ግን ያን ስም በሰማሁ ቁጥር ሳቄን ነበር የምውጠው። ዝም? እሳቸው? ከእሳቸው የባሰ ወሬኛ አይቼ አላውቅም። መርፌ ከያዙ አፋቸው ይከፈታል። ፈረስ በማደንዘዣ ቢፈዝም ጆሮው አይተኛም፤ ድምፅ ሲቋረጥበት ይደነግጣል። ስለዚህ የሚሰፋ ሰው ማውራት አለበት። ሌላው ሐኪም «አይዞህ፣ ጎበዝ፣ ጎበዝ» እያለ ይጨርሳል። እሳቸው ግን ጎበዝ ማለት ቶሎ ያልቅባቸዋል። ያ ሲያልቅባቸው የቤታቸውን ጉዳይ ያወራሉ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከጉሮሮ በሚወጣው፣ ቀስ ብለው። የፈረሱ ጆሮ ወደ ኋላ ወደ እሳቸው ይዞራል። የኔ ጆሮ ደግሞ ከፈረሱ ጆሮ አጠገብ ነው። ምን ላድርግ? በጥጥ ልድፈነው?

እንዲህ ነው እኔ ሰውየውን ያወቅኋቸው። እኔን አንድ ቀን «ዛሬ ከፍቶኛል» ብለውኝ አያውቁም። ሻይ ጠጪ ብለውኝ አያውቁም። ደህና አደርሽ፣ ደህና እደሪ፣ ማደንዘዣ ጨምሪ፤ ይኸው ነው። የልባቸውን ግን ሁሉ ሰምቻለሁ። ለማን ነገሩ? ለፈረስ።

አንድ ጊዜ ብቻ መለስኩላቸው። ገና አዲስ ነበርኩ። የአንዱን ፈረስ ጭን እየሰፉ «ጣራው ዘንድሮም ሊያፈስብኝ ነው፣ ምን ይሻላል?» አሉ። እኔን የጠየቁኝ መሰለኝ። «ጋሼ፣ አናጢ ልፈልግልዎት?» አልኩ። እጃቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ራቁታቸውን ሳሉ በር የከፈትኩባቸው ይመስል። ከዚያ ስፌቱ እስኪያልቅ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ፈረሱ ድምፁን ሲያጣ ተቁነጠነጠ፣ መርፌው ከእጃቸው ወደቀ፣ ክሩ ተበጠሰ፣ እንደገና ተጀመረ። ገባኝ። ከዚያ ወዲህ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። አንድ ሰው ያወራል፣ አንድ ሰው ይሰማል፣ የሚመልስ የለም። ብቸኝነት ምን እንደሚመስል የሚጠይቀኝ ካለ፣ ያን ክፍል ነው የማሳየው።

ይህን የምትሰማው አናጢ፣ አንተ ነህ አይደል የቅርብ ጎረቤታቸው? እዚያ ጥግ ቆመሃል። ግድግዳችሁ አንድ ነበር። ስንት ክረምት ጣራቸው ሲያፈስ ባልዲ እየደቀኑ አሳለፉ። ለአንተ ነገሩህ? አልነገሩህም። ለማን ነገሩ? ለፈረስ። አይዞህ፣ አልወቅስህም። ያልተነገረህን ከየት ታውቀዋለህ።

እስቲ ደግሞ ባለ ግራጫው እጅህን አንሳ። ነው፣ አንተ። የግራጫው ደረት በአጥር ሽቦ ተቀዶ፣ ቆዳው እንደ ሽርጥ ተንጠልጥሎ ነበር ያመጣኸው። ቢላህን ይዘህ። «ዶክተር፣ ይሄ የሞተ ቆዳ ነው፤ እኔው ቆርጬ ልጣልልህ» አልካቸው። አንተ ብለሃቸዋል፣ ደንግጠህ ስለነበር ይቅር ብለውሃል። እሳቸው ቢላውን ከእጅህ ወስደው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። ጸጉሩን ላጩ። በጨው ውሃ አጠቡ፣ አጠቡ፣ አሁንም አጠቡ። እኔ ክንዴ ደነዘዘ። ከዚያ መርፌያቸውን አነሱና ለግራጫው፣ አንተ አጠገቡ ቆመህ እየሰማህ፣ «ባለቤትህ ቸኮለ» አሉት። «ይሄ ቆዳ ግማሹ ላይተርፍ ይችላል። ቢሞትም ግን ከሥር ያለውን ሸፍኖ ይሞታል። ለሚሸፍን ነገር ቢላ አይሳልም።» ፈረሱ ጆሮውን አዞረ። አንተ ደግሞ ምን አልክ? «ይሄ ሰውዬ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?» አልከኝ በሹክሹክታ። ግራጫው ዛሬም ጋሪ ይጎትታል። አሁን ከውጭ ቆሟል። ደረቱን ያየ ሰው ቀጭን መስመር እንጂ ሌላ ምልክት አያገኝም።

እመቤት፣ እርስዎንም አልተውዎትም። የእርስዎን ነጭ ፈረስ ጎን ሰፍተው፣ ከታች በኩል ጥቂት ክፍት ትተው ሲነሱ፣ «ልብስ ሰፊ እንኳ ጫፉን ሳይቋጥር አይሰጥም! ግማሹን ለነገ አሳደሩት?» ብለው ጮኹባቸው። ያ ክፍት ቦታ በር ነው። ቆሻሻው የሚወጣበት፣ ውሃው የሚንጠባጠብበት። ሁሉንም ገጥመው የሰፉት ቁስል ለዓይን ያምራል፣ ከውስጥ ግን ይበሰብሳል። ይህን ሊያስረዱዎት ይችሉ ነበር። ያስረዱት ግን ፈረሱን ነበር። «እመቤትህ ተቆጡ» አሉት፤ «ልብስ መግል አይዝም በልልኝ።» እርስዎ በሩን በርግደው ወጡ። እኔ ፊቴን ጋማው ውስጥ ደብቄ ሳቅሁ። አሁንም ሳስታውሰው ይመጣብኛል፤ በዚህ ቦታ መሳቄን ይቅር በሉኝ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። የሰፋ ይፍታ። የሰፉትን ሌላ ሰው አይፈታባቸውም። ታምመውም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን መጥተው ስፌታቸውን ራሳቸው ይፈታሉ። የሰፋ ሰው የሥራውን መጨረሻ ካላየ ምን ሰፋ ይባላል? ነበር የሚሉት። ለማን እንደሚሉት እንግዲህ ታውቃላችሁ። የመጨረሻዋን ክር መዝዘው ሲያበቁ የፈረሱን አንገት በመዳፋቸው ቸብ ቸብ ያደርጉና ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሉታል። «በቃ። ጨርሰናል። አይዞህ። ከእንግዲህ የሚወጋህ የለም።» ከዚያ ተነስተው ለእኔ «ደህና ዋይ» ይሉኛል፤ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ወደዚያ ጣራው ወደሚያፈሰው ቤት።

በዚህ ሳምንት ፋሻ የሚቀየርበት ጠዋት ቀሩ። ፋሻ ቀን ቀርተው አያውቁም። ውሃ አፈላሁ፣ መቀሶቹን ቀቀልኩ፣ ጠበቅሁ። ውሃው በረደ። እንደገና አፈላሁ። ከዚያ ሽርጤን ሳላወልቅ ቤታቸው ሄድኩ። አንኳኳሁ። አናጢው በሩን በመሮ ፈልቅቆ ከፈተልኝ። አልጋቸው ላይ ነበሩ፤ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ፣ ባልዲው ወለሉ ላይ። የሚያሳዝነኝ ሞታቸው አይደለም፤ ሞት የሁሉ ነው። የሚያሳዝነኝ በመጨረሻዋ ሰዓት በዚያ ክፍል የሚሰማ ጆሮ አለመኖሩ ነው። የፈረስ እንኳ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ እህት ዓለም።

ትናንት ከመንገድ እንደደረስሽ በቀጥታ ወደ ሕክምና ክፍሉ መጣሽ። ሻንጣሽን አላስቀመጥሽም። ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ሽርጣቸውን አየሽው። አልነካሽውም። ጀርባሽን ሰጥተሽኝ፣ «እትዬ፣ አባዬ ስለ እኔ አንስቶ ያውቃል?» አልሽኝ።

አዎ ብልሽ ለማን ትይኛለሽ። ለፈረስ ልበልሽ? በሐዘንሽ ላይ ያሾፍኩብሽ ይመስልሻል። «ቆይ፣ እነግርሻለሁ» አልኩሽ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ለብቻሽ እንዳልነግርሽ፣ ለብቻ የተነገረ ነገር ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ስለዚህ በሰው ፊት፣ በእሳቸውም ፊት ልንገርሽ።

እናትሽ የተቀበሩ ዕለት አባትሽ ከመቃብር ወደ ሥራ መጡ። ይህን አልረሳሽውም፣ የሚረሳም አይደለም። ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ አንቺ በር ላይ ቆመሽ እያየሻቸው ሄዱ። «እናቴን አፈር አልብሶ ፈረስ ሊሰፋ ሄደ» ብለሽ አንቺም ሻንጣሽን አንስተሽ ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ አልተያያችሁም። ሰፈሩ የሚያውቀው እዚህ ድረስ ነው። አንቺም የምታውቂው እዚህ ድረስ ነው።

እኔ ደግሞ በሩ ከተዘጋ በኋላ ያለውን አውቃለሁ።

የመጣው ፈረስ ቡላ ነበር። የኋላ እግሩ ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ፣ ቆዳው እንደ ካልሲ ወደ ሰኮናው ወርዷል። የእግር ቆዳ ክፉ ነው፤ ትርፍ የለውም፣ ከየትም ተስቦ አይመጣም። አባትሽ የቀብር ልብሳቸው ላይ ሽርጡን ደረቡ። «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ሌላ ሐኪም ይጠራ» አልኳቸው። እንዳልሰማ አለፉኝ። መጀመሪያ በመርፌ ወደ መገጣጠሚያው ንጹሕ ውሃ አስገቡ። ያ ውሃ በቁስሉ በኩል ከወጣ መገጣጠሚያው ተነክቷል፣ የፈረሱም ነገር አክትሟል ማለት ነው። ሁለታችንም ቁስሉ ላይ አፍጥጠን ጠበቅን። አልወጣም። ትንፋሻቸው ሲወርድ ሰማሁት። ከዚያ መስፋት ጀመሩ፣ ማውራትም ጀመሩ።

«ዛሬ ቀበርኳት» አሉት። እንዲሁ፣ እንደ ተራ ወሬ። «ልጄ በር ላይ ቆማ አየችኝ። ዓይኗ የናቷ ነው። ምን ልበላት? የተቀደደ ሥጋ ሳይ እጄ ያውቃል። አንተን እችልሃለሁ። እሷን ግን አልቻልኳትም። ሸሸሁ። ሰማህ? ከገዛ ልጄ ዓይን ሸሽቼ ነው አንተ ጋ የመጣሁት።»

እያለቀሱ ነበር የሚሰፉት፣ እህት ዓለም። መነጽራቸው ጭጋግ ለበሰ። በክንዳቸው ጠረጉት፣ እንደገና ለበሰ። የዚያ ፈረስ ስፌት ከሰፉት ሁሉ የተጣመመው ነው። ሌላውን ሥራቸውን የሚያውቅ ሰው ያን ጠባሳ ቢያይ የእሳቸው ነው ብሎ አያምንም።

ፈረሱን ካንቺ አስበልጠው አልመጡም። አንቺን ፈርተው ነው የመጡት። ልክ ነበሩ አልልሽም። አልነበሩም። አባት ከልጁ ዓይን አይሸሽም። ግን ንቀት መስሎሽ ከኖርሽ፣ ፍርሃት እንደነበር እወቂው።

ታዲያ በኋላስ ለምን አልመጡም? ብለሽ ትጠይቂያለሽ። እኔም በሆዴ ስንቴ ጠይቄያለሁ። መልሱን ለፈረስ ሲነግሩ ሰማሁት። ቁስል ሁሉ በመጣበት ቀን አይሰፋም። የቆሸሸና ያበጠ ቁስል ታጥቦ፣ በፋሻ ታስሮ ይቆያል። እብጠቱ ሳይጎድል ከሰፉት ክሩ ሥጋውን ይቆርጠዋል፤ ሁሉም ይበጠስና ከመጀመሪያው የባሰ ይሆናል። አባትሽ ይህን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። ስለ አንቺም እንዲያው ነበር የሚሉት። «ገና ነው» ይሉ ነበር። «ልጄ አብጣብኛለች። አሁን ብነካት ይበጠሳል። ትንሽ ይጉደልላት።»

ይህን የመሰለ ስሕተት ቁስል ሰፊ ካልሆነ ማን ይሳሳታል? ሌላ አባት ቢሆን ሄዶ ይጣላል፣ ይሰደባል፣ ያለቅሳል፣ በመጨረሻ ይታረቃል። እሳቸው እብጠት እስኪጎድል ቁጭ ብለው ጠበቁ። በየክረምቱ «ገና ነው»። በየበጋው «ገና ነው»። እኔ ከራስጌ ቆሜ እሰማለሁ። ኧረ ጋሼ፣ ሰው ፈረስ አይደለም! ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ብመልስ ደግሞ ያቺኑ ወሬ ያቆሟታል። ከንፈሬን እነክሳለሁ።

ልጅ የወለድሽ ጊዜ አክስትሽ ነገረቻቸው መሰለኝ። የዚያን ቀን ከንፈሯ የተሰነጠቀ በቅሎ ነበረችን። የምትናከስ፣ የምትራገጥ፣ ማደንዘዣ እንኳ የማያሸንፋት። «አያት ሆንኩልሽ» አሏት። «ሴት ናት አሉ።» ስሟንም ነገሯት። አየሽ ነገሩን? የልጅ ልጃቸውን ስም ለእኛ ለሰዎቹ አልነገሩም። ለበቅሎ ነገሩ። አባትሽ ማን ነው ሲሏት ፈረስ አጎቴ ነው ለምትል ለበቅሎ! ያን ቀን ግን እጃቸው እንዴት ቀለለ። ስሟን እየደጋገሙ ሰፉ። አንድ ክር፣ አንድ ጊዜ ስሟን። አንድ ክር፣ አንድ ጊዜ ስሟን። ያቺ ክፉ በቅሎ ፀጥ ብላ ቆመች። ልጅሽ ስታድግ ንገሪያት፤ አያቷ በስሟ የበቅሎ ከንፈር ሰፍተዋል። ምልክቱም አይታይም።

የመጨረሻዋ ዳማዋ ባዝራ ናት።

ባለቤቷ ቤቱ አስቀምጦ ያገኘውን ሁሉ ሲቀባባት ከርሞ ነው ያመጣት። ቁስሉ ላይ ትርፍ ሥጋ በቅሎባት ነበር። የፈረስ እግር እንዲህ ነው፤ ከቆየ ሥጋው ከቆዳው በላይ ይነሳል፣ ይነፋል፣ ወዲህና ወዲያ ያለው ቆዳ እንዳይገናኝ መሐል ገብቶ ይቆማል። መድኃኒቱ መቁረጥ ነው። ቆርጦ፣ አስተካክሎ፣ ከዚያ ቆዳውን አገናኝቶ መስፋት። አባትሽ መቁረጫውን ያዙ። ደሙ ይወርዳል፣ ዳማዋ ቅንጣት አልተነቃነቀችም።

«አየሽ» አሏት። «ይሄ ሥጋ ይደማል እንጂ አያምም። ነርቭ የለውም። ስንት ዘመን እየቆረጥኩት የኖርኩ ሰው፣ የራሴን ፈርቼ ተውኩት።» ዝም አሉ። ዝም ሲሉ ባዝራዋ ጆሮዋን ወዘወዘች። «ቆየሁ» አሉ ከዚያ። «አብጣለች እያልኩ ቆየሁና መሐላችን ሥጋ በቀለ። ያንቺን ስፌት ልፍታና ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ። ባታስገባኝ በሯ ላይ እቆማለሁ። እሷም አንድ ቀን በር ላይ ቆማልኛለች።»

ይህን ከአፋቸው ሰምቻለሁ። በዚህ በጆሮዬ። ሰፍተው ሲጨርሱ እንደ ወትሮው ደህና ዋይ አሉኝና ኮታቸውን ለበሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ተመለሱ። «ለመንገድ የሚሆን፣ ብዙ ትልቅ ያልሆነ ቦርሳ የት እንደሚሸጥ ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔን! ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ እኔን ራሴን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ገዝተውት ነበር፤ አልጋቸው ሥር ባዶውን አገኘነው። ትናንት ልብሳቸውን ስትሰበስቢ ያየሽው አዲሱ ቦርሳ እሱ ነው። ወዳንቺ የሚመጡበት ነበር።

እንግዲህ ጥያቄሽ ይኸው ተመለሰ። አንስተውሽ ያውቃሉ ወይ? ካንቺ ሌላ ምን አንስተው ያውቃሉ!

አንድ ነገር ቀርቶናል። ዳማዋ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ቆማለች። የአባትሽ ስፌት እግሯ ላይ ነው። ከነገ ማለፍ የለበትም፤ ከቆየ ክሩ ቆዳው ውስጥ ይሰምጣል። የሰፋ ይፍታ እንዳንል የሰፋው ይኸው እዚህ ተኝቷል። እኔ ልፈታው ሞከርኩ። ባዝራዋ ድምፅ ካልሰማች አታስጠጋም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ማለት ነው የተማርኩት። «አይዞሽ፣ ጎበዝ፣ ጎበዝ» አልኩ። አለቀብኝ። ሌላ የምለው አጣሁ። አንድ ሕይወት የኖርኩ ሴትዮ፣ ለአንዲት ባዝራ የማወራው ነገር አጣሁ። ባልዲዬን በእርግጫ አነሳችው። ከዚያ ፊቷን አዞረችና በሩን አየች። እኔም አብሬያት በሩን አየሁ። በርጩማው ባዶ ነው። ድመቷ እንኳ አልተቀመጠችበትም። ሁለታችንም እሳቸው የሚገቡ ይመስል ቆመን ቀረን።

ትናንት ያን ጥያቄ ስትጠይቂኝ ግን፣ ያፈጠጥኩት ወዳንቺ አልነበረም። ካንቺ ወዲያ ወደቆመችው ዳማ ነበር። አንቺ «አባዬ ስለ እኔ» ብለሽ ስትጀምሪ ጆሮዋ ዞረ። ሁለቱም። ራሷን ዝቅ አደረገች። ድምፅሽ የእሳቸው ነው። ማንም ነግሮሽ ያውቃል? ዝቅ ያለው፣ ከጉሮሮ የሚወጣው፣ ራሱ ነው።

ነገ ጠዋት ነይልኝ። እኔ እፈታለሁ፣ አንቺ ራሷን ያዢልኝ። እየያዝሽ አውሪያት። የፈለግሽውን። ተቆጪም፣ ለእሷ ተቆጪ፤ ፈረስ አይቀየምም። ስለ ልጅሽ ንገሪያት። ስለ እናትሽ ንገሪያት። እኔ ከታች ሆኜ እሰማለሁ። እሳቸው እንደለመዱት አልመልስም ብዬ ነበር። አይሆንም። እመልስልሻለሁ። ዝም ተባብለን የኖርነው ይበቃናል።

ጋሼ።

አሁን ደግሞ ለእርስዎ ልመልስ። ብዙ ዕዳ አለብኝ።

ጣራው ምን ይሻለዋል ብለው ነበር። አናጢው ትናንት ወጥቶ ሠራው። ባለቤቱ የለም እያልነው እንኳ እንቢ ብሎ ሠራው፤ ልጅዎ ደረቅ ቤት ነው ያደረችው። ምን ልበላት ብለው ነበር። ያሉትን ሁሉ፣ እንዳሉት፣ አልኩልዎት። በሯ ላይ እቆማለሁ ብለው ነበር። እሷ ቀደመችዎት ጋሼ፤ መጥታ እርስዎ በር ላይ ቆማለች። ይህን ለማየት አንድ ሳምንት ምን ነበረበት? እሱን ብቻ ነው የምቆጣዎት። ሌላ ቅያሜ የለኝም። ሻይ ጠጪ አላሉኝም ብዬ አልቀየምም፤ እኔም ጠጡ ብዬዎት አላውቅም።

ከእንግዲህ ትከሻዬ ላይ የሚደገፍ ራስ ይኖራል። የምሰማው ግን አይኖርም። ሰው ሁሉ አጣሁህ ሲል ፊትን ነው የሚያጣው። እኔ ያጣሁት ከፈረስ ወገብ ወዲያ የሚመጣ ድምፅ ነው። ሌላ ሐኪም ይልካሉ፤ ጎበዝ ሰው ይሆናል፤ «አይዞህ፣ ጎበዝ» ይላል። እኔ ደግሞ ከራስጌ ቆሜ ቀጥሎ ምን ይል ይሆን እያልኩ እጠብቃለሁ። አይልም።

አፈሩ ይቅለልዎት። ከባለቤትዎ ጎን ነዎት፤ ያልነገሯቸውን አሁን ይንገሯቸው።

አንተ ተባብለን አናውቅም፤ ይህን ስል አይቀየሙኝ። ቃሉ የራስዎ ስለሆነ አልለውጠውም። የመጨረሻዋ ክር ስትመዘዝ የሚሉት ነው፤ ለሰው ሲባል ሰምቼው አላውቅም።

በቃ። ጨርሰናል። አይዞህ። ከእንግዲህ የሚወጋህ የለም።